ጎማውን ማን በላው?

«ጎማ ፈንድቶ ተገለበጠ» የሚል ዜና ስንሰማ ብዙዎቻችን ከንፈራችንን መጠን እናልፋለን። ጎማ መፈንዳት እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ነገር ይመስለናል። ባለንብረቱ «የቻይና ጎማ ነው፣ ምን ይደረግ» ይላል። ሾፌሩ ከተረፈ «አጋጣሚ ነው» ይላል። መዝገቡ ላይ «ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር» የምትለዋ የተለመደች ቃል ትሰፍርና ፋይሉ ይዘጋል።

ወዳጆቼ፣ የከባድ መኪና ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከመፈንዳቱ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይናገራል። አበላሉ ይናገራል፣ ንዝረቱ ይናገራል። ችግሩ የሚሰማው መጥፋቱ ነው። በእኛ አገር ጎማ ሲያልቅ የምንጠይቀው ጥያቄ «አዲሱ ስንት ገባ?» የሚል ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን ሌላ ነው፦ ይህንን ጎማ ማን በላው?

ይሄ የጋራዥ ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ በዓመት ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። በእኛው ደቡብ ወሎ፣ በለጋምቦ ወረዳ፣ መጋቢት 2010 ዓ.ም. አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ያንን አደጋ የማነሣው ጎማ አደረሰው ለማለት አይደለም። በዚያ ደጋ መንገድ ላይ አንድ ስህተት ስንት ቤት እንደሚዘጋ ለማስታወስ ነው። አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ ገበያ የሚሄደው ገበሬ፣ አህያ የምትነዳው እናት፣ ሁሉም መንገዱን የሚጋሩት ከነተሳቢው ከሚመጣው ከባድ መኪና ጋር ነው።

▪️ መንገዱ ምን ይጠይቃል?

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ለጋምቦ ደጋ ይወጣል። ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው አምባ ፈሪት የሚታይበት፣ ሌሊት ውርጭ የሚመታው አገር ነው። መካነ ሰላም ራሷ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷ ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን የሚሻገር ደግሞ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው፣ ዘይቱና ብረቱ ወደ ቦረና፣ ወደ ወግዲ፣ ወደ ሳይንት የሚደርሰው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ብርድ፣ ሙቀት፣ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ጠመዝማዛ። በአንድ ቢያጆ ውስጥ ጎማው ይህን ሁሉ ያያል። ስለዚህ በዚህ መስመር የሚሠራ መኪና ጎማ ሜዳ ላይ ከሚሠራው ቀድሞ ማለቁ አያስገርምም። በጠመዝማዛ መንገድ የፊት እግር ጎማዎች ሁለት ጠርዞቻቸው ትንሽ ቀድመው ቢያልቁ የመንገዱ ግብር ነው። ተሳቢም ጥምዝ ሲዞር ጎማዎቹ ወደ ጎን ይፋቃሉ፤ ይህም ያለ ነው። ጥያቄው የሚመጣው አንዱ ጎን ብቻ ሲበላ፣ አንዱ ጎማ ብቻ ሲያልቅ፣ ወይም ጎማው ጉብጥ ስርጉድ ሲል ነው።

«የቻይና ጎማ ነው» የሚለው ሰበብ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ጥራቱ የወረደ ላስቲክ ቶሎ ያልቃል፣ ግን ዙሪያውን እኩል ያልቃል። አንድ ጎን መርጦ የሚበላው መኪናው ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የግራውንና የቀኙን ጎማ ያለዋውጥ። አበላሉ ጎማውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የጎማው ነው። ጎማው ተቀይሮም ያው ቦታ መብላቱን ከቀጠለ ግን ጥፋተኛው እዚያው መኪናው ላይ ተቀምጧል። አዲስ ጎማ መግዛት ያንን ጥፋተኛ መቀለብ ነው።

▪️ የጎማ አበላል ሲነበብ

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዓይንና መዳፍ ይበቃል።

ሁለቱም ጠርዝ በልቶ መሐሉ ከቀረ ነፋስ ያንሰዋል፣ ወይም ጭነቱ ከአቅሙ በላይ ነው። መሐሉ በልቶ ጠርዞቹ ከቀሩ ነፋስ በዝቶበታል።

መዳፋችሁን በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፉት። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ የፊት እግሮቹ አቅጣጫ ተዛብቷል፤ ጎማው ወደ ፊት እየሄደ ወደ ጎንም ይጎተታል። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሚሄድበት አቅጣጫ አንድ ዲግሪ ብቻ የዞረ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ከደሴ መካነ ሰላም ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አስባችሁ ራሳችሁ አባዙት።

አንዱ ጎን ብቻ ልጥ ብሎ ካለቀ የእግሩ አቋቋም ዘሟል ማለት ነው፤ ፔርኖው፣ ኩሽኔታው ወይም አክሱ ራሱ ይመርመር።

ጎማው ዙሪያውን ቦታ ቦታ እየመረጠ ጎድጎድ ካለ ጎማው እየዘለለ ነው የሚሄደው። አሞርዛተሩ ሞቷል፣ ኩሽኔታው ላልቷል፣ ወይም ጎማው ባላንስ የለውም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደተላጨ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ፍሬን ይዞት ሳይዞር ተጎትቷል።

ድርብ ጎማዎች የራሳቸው ጉድ አላቸው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያለቀ አድርጎ ጎን ለጎን ማሰር በየመንገዱ የምናየው ነው። ሁለቱ በአንድ ሞዞ ላይ ስለታሰሩ እኩል መዞር ግዴታቸው ነው። ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ትንሹ ደግሞ አስፋልቱን እየፋቀ ይጎተታል። አንዱ በሸክም፣ ሌላው በመፋቅ ሁለቱም ያልቃሉ። ቆጠብኩ ያለው ባለንብረት ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

▪️ የብረቱ ድምፅና የነፋሱ ጉዳይ

ረዳቱ ወርዶ ጎማዎቹን በብረት ኳ ኳ እያደረገ ሲዞር ሁላችንም አይተናል። ልማዱ መጥፎ አይደለም፤ ጨርሶ የተነፈሰ ጎማ በድምፁ ይታወቃል። ግን 120 መሆን የነበረበት ነፋስ 96 ላይ ሲወርድ ብረቱ አይለየውም። በጎማ ሙያ ደግሞ ከታዘዘው ነፋስ አምስተኛውን ያጣ ጎማ ተፈቶ መመርመር አለበት፤ እንደተነፈሰ ጎማ ነው የሚቆጠረው። ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፣ በውስጡ ያለው ሽቦ ይደክማል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይፈነዳል። ያኔ «ድንገት ፈነዳ» እንላለን።

አሁን የእኛን መንገድ አስቡት። መኪናው የዓባይን ቁልቁለት ሲወርድ ጎማውም ቸርኬውም ይግላል። አንዱ ይለካና «ነፋስ በዝቶበታል» ብሎ ያስተነፍሰዋል። ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ቦረና ደጋ ላይ ያድራል። ሌሊቱን ብርዱ ይመታዋል። የሙቀት መጠን 10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር እንዲህ ያለ የከባድ መኪና ጎማ ወደ 5 ፒኤስአይ ገደማ ያጣል። ትናንት ሸለቆው ውስጥ በጋለበት ሰዓት የተቀነሰው ነፋስ ዛሬ ጠዋት እጥረት ይሆናል። ሾፌሩ ግን «ትናንት አስለክቻለሁ» ብሎ ይነሣል። ከፍታው በራሱ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ከኮምቦልቻ እስከ ለጋምቦ ደጋ ቢወጣ 2 ፒኤስአይ ገደማ ነው። የሚያታልለው ሙቀቱ ነው። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በመለኪያ ነው። የጋለ ጎማ አይተነፈስም።

ለድርብ ጎማ ደግሞ የውስጠኛውን የማይለካ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የለካው። ጎማው ጎን ላይ 154/150 የሚል ቁጥር ካለ፣ ነጠላውን ሲሆን 3,750 ኪሎ፣ በድርብ ሲታሰር ደግሞ 3,350 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የውስጠኛው ከተነፈሰ የውጭው የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይይዛል። ከውጭ ሲያዩት ግን ሁለቱም የቆሙ ይመስላሉ።

▪️ መኪናው ሲንቀጠቀጥ

«መኪናዬ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ጋራዥ የሚገባ ሾፌር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ባላንስ ነው» የሚል ነው። ጥሩ መካኒክ ግን መፍቻ ከማንሣቱ በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቃል።

አንደኛ፣ የት ይሰማሃል? መሪው ላይ ከሆነ ከፊት እግር ጀምር። መቀመጫው ላይ ከሆነ ከኋላ እግር። ከኋላ እየገፋ እየጎተተ የሚንጥህ ከሆነ ተሳቢውን እይ።

ሁለተኛ፣ መቼ ይጀምራል? በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ 12.00 በ20 ጎማ በሰከንድ አምስት ጊዜ አይሞላም የሚዞረው። ስለዚህ የጎማ ንዝረት ቀርፋፋ ነው፤ ልትቆጥረው ትችላለህ። ከወለሉ ሥር እንደ ንብ የሚያንዣብብ ፈጣን ንዝረት ከሆነ ጎማውን ተወው፤ የትራስሚሽን ዘንጉን፣ ክሮቸራውን ፈልግ።

ሦስተኛ፣ ከምን ጋር ይለወጣል? ሜዳ መንገድ ላይ፣ አደጋ በሌለበት፣ ለአፍታ ጋዝ ለቀህ ማርሹን ዜሮ ስታደርገው ንዝረቱ ወዲያው ከጠፋ ምክንያቱ ከሞተርና ከትራስሚሽን ወገን ነው። ፍጥነቱን ተከትሎ ከቀጠለ ከጎማ፣ ከሞዞና ከቸርኬ ወገን ነው። ይህን ሙከራ ቁልቁለት ላይ የሚሞክር ግን ከሞት ጋር ነው የሚጫወተው።

አራተኛ፣ ፍሬን ስትይዝ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከሆነ ታምቡሩ በሙቀት ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ጥያቄዎች በፊት ግን አንድ መታየት ያለበት ነገር አለ፦ ዳዶ። ከዳዶው ሥር የዛገ መስመር ወርዶ ከታየ፣ ወይም በዙሪያው ብረቱ ተፍቆ ካብለጨለጨ፣ ጎማው ላልቶ እየተወዛወዘ ነው። ጎማ ተፈትቶ በታሰረ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ዳዶው እንደገና መጥበቅ አለበት። ስንቶቻችን ነን ጎሚስታው አስሮ ከሸኘን በኋላ ቆመን የምናጠብቀው? የሚወልቅ ጎማ ደግሞ ሾፌሩን ላይገድለው ይችላል። በመንገድ ዳር የሚሄደውን ሰው ግን አይምረውም።

▪️ ተሳቢው ሁልጊዜ የማይጠየቀው ነው

በእኛ አገር ተሳቢ እንደ እንጀራ ልጅ ነው የሚያዘው። አዲሱ ጎማ ለፊት እግር ይሰጣል፣ ያለቀው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ ያለቀው ያለቀው ወደ ተሳቢው ይወርዳል። ሾፌሩ ተሳቢው ላይ አልተቀመጠም፤ ንዝረቱ አይሰማውም። ስለዚህ የተሳቢ በሽታ የሚታወቀው በጎማው አበላል ብቻ ነው።

የተሳቢ አክስ ከመስመሩ ትንሽ ዘወር ካለ ተሳቢው እንደ ክርን ጎልቶ ይጎተታል፤ ጎማዎቹም በአንድ ጎን ይበላሉ። ይህን ለማወቅ ሜትርና አንድ ረዳት ይበቃል። ከመጎተቻው መሐል አንሥታችሁ እስከ አክሱ ግራ ጫፍና እስከ ቀኝ ጫፍ ለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን አለባቸው፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ነው የሚፈለገው። ባሌስትራው የተሰበረ ወይም ዩ ብሎኑ የላላ ተሳቢ ግን በሴንቲ ሜትር ይዛባል።

ትልቁ ጉዳይ ፍሬኑ ነው። 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከ1,000 ሊትር በላይ ውኃ ያፈላል። ከዚህ ላይ ሞተሩ በማርሽ የሚይዘው ተቀንሶ፣ የቀረው በሙሉ ታምቡሮቹ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። የተሳቢው ፍሬን ካልሠራ የእርሱን ድርሻ የሚሸከመው የጎታቹ ፍሬን ነው። ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቆማል። ከታምቡሩ ወደ ቸርኬ፣ ከቸርኬ ወደ ጎማና ካላማዳሪ ሙቀቱ ይሻገራል። ያኔ «ፍሬን እምቢ አለ» ወይም «ጎማ ፈነዳ» ተብሎ ይዘገባል። ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ከቁልቁለት በኋላ ደልዳላ ቦታ ቁሙና እጃችሁን ሳትነኩ ወደ ታምቡሮቹ ጠጋ አድርጉ። ሁሉም ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። ከሁሉ በላይ የጋለው ፍሬኑን አልለቅ ብሎ ይሆናል። ቀዝቃዛው ደግሞ ሥራ ፈት ነው። የተሳቢው ታምቡሮች በሙሉ ቀዝቃዛ ከሆኑ የመጣችሁት ያለ ተሳቢ ፍሬን ነው። ጉዟችሁን እዚያው ግቱት።

▪️ ታዲያ ለምን ማንም አይጠይቅም?

አንዳንዶች «ሾፌሩ ሰነፍ ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሾፌሩ የሚለካው ባስገባው ቢያጆ ነው። ለምርመራ የቆመበት ቀን ለባለንብረቱ የከሰረ ቀን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ መኪናው ሳምንታት ይቆማል። ከነጭነቱ አንድ ቦታ የቆመ ጎማ የነካበት ቦታ ይጠፈጥፋል፤ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ከተሞቀ በኋላም አይስተካከልም። መንገድ ሲከፈት ሾፌሩ የሚያስበው ሳይመሽ መድረስን ነው። በእጀባ የሚሄድ ሰው ዳዶ ላጥብቅ ብሎ ከመሐል አይወጣም። ይህን ጫና እያወቅን ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ባለንብረቱም የራሱ ሕመም አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ጎማም መለዋወጫም ከውጭ የሚገባ ነው። ሰው ያለቀ ጎማ ጥርሱን እየቆጠረ ቢጠቀም፣ የተለበጠ ጎማ ቢገዛ አይገርምም። በደንብ የተለበጠ ጎማ ለኋላ እግር ነውር የለውም። ግን እኮ ጎማ በተወደደ ቁጥር ማን እንደበላው ማወቅ የበለጠ ያዋጣል! አንድ የላላ ቴስቲና ሳይቀየር ሁለት አዲስ የፊት ጎማ የሚገዛ ሰው የሚቆጥብ ይመስለዋል እንጂ በዶላር ነው አስፋልት የሚቀባው።

ጭነትም አለ። ሲኖትራክን ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካኖች ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ባደረጉት ትልቅ የመንገድ ሙከራ የተገኘ አንድ እውነት አለ፦ በአክስ ላይ ያለው ጭነት ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአራት እጥፍ ርቢ ያድጋል። በ20 በመቶ ከልክ በላይ የተጫነ አክስ መንገዱን በእጥፍ ይጎዳል ማለት ነው። የተጎዳው መንገድ ጉድጓድ ይሆናል፣ ጉድጓዱ ባሌስትራ ይሰብራል፣ የተሰበረው ባሌስትራ አክስ ያዛባል፣ የተዛባው አክስ ጎማ ይበላል። ዛሬ ያተረፍናቸውን ኩንታሎች ነገ መንገዱ ከነወለዱ ያስከፍለናል።

መንግሥትስ? የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለን። በየዓመቱ ምርመራ አለ፣ ቦሎ አለ። ግን በዚያ ቀን ጎማ ተበድሮ አስሮ የሚቀርብ መኪና እንዳለ ማን የማያውቅ አለ? በዓመት አንድ ቀን የሚታይ ጎማ የአንድ ቀን እውነት ነው የሚናገረው። የቀሩትን ቀናት ታሪክ የያዘው የጎማው አበላል ነው፤ እርሱ ደግሞ በተዋሰው ጎማ አብሮ ይሄዳል።

▪️ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዓመታዊ ምርመራው ጎማ «አለው፣ የለውም» ከማለት ይውጣ። የፊት እግር በክሪክ ተነሥቶ ፔርኖውና ቴስቲናው ይነቅነቅ፣ የጥርሱ ጥልቀት በውጭ፣ በመሐልና በውስጥ ሦስት ቦታ ይለካ። አሜሪካ ለከባድ መኪና የፊት ጎማ 3.2 ሚሊ ሜትር ዝቅተኛ ጥልቀት ትጠይቃለች። ሦስቱ ልኮች ከተለያዩ መኪናው ወደ ጋራዥ ይመለስ፤ ጎማው አዲስ ቢሆንም።

ሁለተኛ፣ አደጋ ሲደርስ ጎማው ማስረጃ ነው። ጎኑ ላይ ባለው አራት አሃዝ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ይታወቃል፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህ ቁጥር፣ የጥርሱ ጥልቀትና የአበላሉ ፎቶ በአደጋ መዝገብ ላይ ቢሰፍር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየመስመሩ ሰው የሚገድለውን በግምት ሳይሆን በማስረጃ እናውቅ ነበር። «ፍጥነት» የምትል አንዲት ቃል ምንም አታስተምርም።

ሦስተኛ፣ ጎሚስታዎቻችንን እናክብራቸው፣ እናስታጥቃቸውም። በየከተማው ጥግ በመፍቻና በመዶሻ ከባድ ጎማ የሚፈታው ወጣት የመንገድ ደኅንነት የመጀመሪያው ባለሙያ እርሱ ነው። በቀለበት የሚያዝ የድሮ ቸርኬ ነፋስ ሲሞላ ቀለበቱ ከወጣ ሰው ይገድላል፤ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መፈታት የለበትም፤ ሲሞላም በብረት ፍርግርግ ውስጥ መሆን አለበት። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለእነዚህ ልጆች የአጭር ጊዜ ሥልጠናና አንድ ትክክለኛ የነፋስ መለኪያ ቢሰጧቸው ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

አራተኛ፣ ባለንብረቶች ሆይ፣ ለሾፌራችሁ ጊዜ ስጡት። ጠዋት ሃያ ደቂቃ የነፋስና የዳዶ ጊዜ፣ ከትልቅ ቁልቁለት በፊትና በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ። አንድ ደብተር ግዙለት፤ የትኛው ጎማ የት እንደታሰረ፣ መቼ እንደተቀየረ፣ በየትኛው ጎን እንደበላ ይጻፍበት። ሦስት ጎማ በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት ሲበላ ያን ጊዜ ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል። ሾፌር «መኪናው ደስ አላለኝም» ብሎ ሲደውል «ዝም ብለህ ንዳ» የሚል መልስ የሰጠ ሰው ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ሁሉ ተጠያቂ ነው።

ሾፌሮችም፣ ወንድሞቼ፣ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። መሪው ላይ የሚሰማችሁን ነገር ከእናንተ ሌላ የሚሰማው የለም። ከለመዳችሁት ፍርሃቱ ይጠፋል፣ አደጋው ግን አይጠፋም። ንዝረት ሲለመድ ነው የሚገድለው።

ይህንን ያነበባችሁ ከባድ መኪና የሌላችሁ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ግን በዚህ አገር መኪና ያለው ወይም ሾፌር የሆነ ዘመድ የሌለው ማን ነው? ላኩለት። ነገ ጠዋት መኪናውን ሳያስነሣ መዳፉን የፊት ጎማው ላይ አሳልፎ እንደ መጋዝ ይቧጥጠው እንደሆነ ይይ። ከቧጠጠው አዲስ ጎማ ከመጠየቁ በፊት መካኒኩን አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፦ ማን ነው የሚበላው?